መሸኛ የማይጠይቅ መንደር

ከሸጎሌ ወደ አዲሱ ገበያ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ላፕቶፕ የታቀፈ ወጣትና ነጠላ የለበሱ እናት ከፊቴ ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ ምንድን ነው እንዲህ የምትሰርዘው?»

«ሥራ ነው እማማ። የመሥሪያ ቤታችንን ፕሮግራሞች ብዙ ኮምፒውተሮች አብረው ከሚሠሩበት አንድ መንደር ወደ ሌላ እያዛወርኩ ነው። የእያንዳንዱን ፕሮግራም ፋይል አውጥቼ፣ የድሮው መንደር የጻፈበትን አጠፋለሁ።»

«ምን ጻፈበት?»

«የመለያ ቁጥሩን፣ የተፈጠረበትን ሰዓት፣ ከዚያ ደግሞ ‹ደህና ነው፣ እየሠራ ነው› የሚል።»

«ደህና ነው የሚለውንም አጠፋኸው?»

«እሱ የድሮ ወሬ ነው። አዲሱ መንደር ራሱ ያየዋል።»

«በስመ አብ! ቁጥሩን አጥፍተህ ማን ይቀበለዋል? መሸኛስ አጽፈህለታል?»

«መሸኛ አያስፈልገውም እማማ።»

«ተው እንጂ! እኔ ከቁስቋም ሸጎሌ ለመዛወር፣ መሸኛ ብዬ ስመላለስ ጫማዬ አለቀ።»

«እዚህ እንደዚያ አይደለም። እንዲያውም የድሮ ቁጥር ካለበት ነው የሚመልሱት። ይኸው፣ አንዱን ቁጥሩን ሳላጠፋ ብልከው መለሱብኝ!»

«ቁጥር ስላለው?»

«አዎ።»

«ከየት መጣህ አይሉም?»

«አይሉም።»

«ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለስስ?»

«ኧረ ወዲያው ነው።»

«ኃላፊው ስብሰባ ላይ ቢሆንስ?»

«ኃላፊም የለም።»

«በል እንግዲህ ልጄ፣ ኮምፒውተሩን ሳትዘጋ እኔንም ከነልጆቼ እዚያ ጻፈኝ።»

ታክሲው በሙሉ ሲስቅ፣ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን የወረዳ ነዋሪዎች ምዝገባ ሠራተኛ ባጅ ቀስ ብዬ ሹራቤ ውስጥ ከተትኩት።