ካህን የሌለበት ክፍል

ዓመቱን የሚቆጥር፥ ልብንም የሚመረምር አንድ እግዚአብሔር ነው፤ እርሱ በሚያውቀው ዘመን፥ ሠዓሊው ቄስ ምሕረተአብ የአቶ ደርበውን የሞት አልጋ የሣሉበትን ሸራ በሟቹ ሚስት በእመት ዘውዴ ትእዛዝ ለሙት ዓመቱ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሲለጥፉ፥ የሟቹ ወንድም አጥናፉ ፊታቸው ቆሟል።

አጥናፉ፦ ሁለተኛዋን ዐይን ይጨምሩልኝ ብያለሁ፥ አባ! በጎን ፊት፥ ባንድ ዐይን የሚሣል ማን እንደ ሆነ አገሩ ያውቃል። ከይሁዳ ጋር ሊደምሩኝ ነው?

ቄስ፦ እመት ዘውዴ እንዳየችህ ሣልሁህ። ወንድምህ ሲያጣጥር አንተ የዞርኸው ወደ ገንዘብ ሣጥኑ ነው።

አጥናፉ፦ ጨለማውስ? ቤቱን የከሰል ጉድጓድ አስመሰሉት!

ቄስ፦ መብራት አለበት፤ አስተውል። ዕንቅብ ተደፍቶበት ነው።

አጥናፉ፦ ቅኔዎን ለተማሪዎችዎ ይቀኙት! እሑድ ሽማግሎች እዚሁ ዐጸድ ይቀመጣሉ። ወንድሜ ቤቱን ለእኔ መናዘዙን በመሐላ እናገራለሁ። ሴትዮዋ «ሲናዘዝ ካህኑ የታለ?» ብላ ወደዚህ ሸራ ብትጠቁም ምን እመልሳለሁ?

ቄስ፦ እኔም የቸገረኝ እርሱ ነው፤ የታለ?

አጥናፉ፦ ይሣሉታ! የነፍስ አባቱ እርስዎ፥ ብሩሹም በእጅዎ። ከራስጌው ይቁሙና ይገላግሉኝ።

ቄስ፦ ላም ባልዋለበት ኩበት ልልቀም? ዘውዴን ከነልጆቿ ሜዳ ላይ ልጥላት?

አጥናፉ፦ የቆጡን አወርድ ብለው የብብትዎን እንዳይጥሉ! ከዚህ ደብር የሚያስወጣዎትን ሰው አውቃለሁ።

ቄስ፦ ይምጣ። ሻንጣ የለኝም፤ ዳዊቴን አንሥቼ እወጣለሁ።

አጥናፉ፦ ምን ዐይነት ግትር ሽማግሌ ነዎት! ያን ቀን ቤት ውስጥ አለመኖርዎን ከእኔና ከሴትዮዋ በቀር ማን ያውቃል?

ቄስ፦ ራሴን እንድሥል ከፈለግህ፥ አስቀድሜ ሥያለሁ። ቀረብ ብለህ ሸራው ላይ በተሣለው በር ስንጥቅ ተመልከት።

አጥናፉ፦ ... መስቀል ነው? ጫፉ ብቻ?

ቄስ፦ የእኔ የእጅ መስቀል ነው። ወንድምህ ሥጋ ወደሙን ሊቀበል ሦስት ጊዜ ልኮብኝ ሦስት ጊዜ መጣሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ «ተኝቷል» ብለህ ከደጅ መለስኸኝ። እሑድ አንተ ስትምል እኔም ከዚህ ሥር እቆማለሁ፤ ሽማግሎቹም ማን እንደ ከለከለኝ ይጠይቁኛል።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፥ እግዚአብሔር ቤተ ሰባችሁን በፍቅር ያኑር፤ ባልቴታችሁን ከጉልበተኛ ይጠብቅ፤ አሜን።