በአራት እጅ የሚታጠፍ አንሶላ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ወዳጅ ዘመዶች፣ ፀሐይ ላይ የቆማችሁም ጥላ አግኝታችሁ የተቀመጣችሁም፣ ጥቂት ጊዜያችሁን እንድትሰጡኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ዜና ሕይወት ሲነበብ ሰው ሰዓቱን ሰረቅ አድርጎ እንደሚያይ አውቃለሁ። የዛሬው ግን ጊዜያችሁን የሚክስ ታሪክ ነው፤ ስለ አንሶላ፣ ስለ ፊሽካና አንድ ግድግዳ ስለሚጋሩ ሁለት ሴቶች ነውና። መሐል ላይ ሳቃችሁ ቢመጣ አትያዙት፤ ይህን ያዘዙት ራሳቸው እናታችን ናቸው። እኔ የልጅ ልጃቸው ብሆንም ይህ ጉባኤ በሙሉ የሚጠራቸው እንደዚያ ስለሆነ፣ ዛሬ እኔም ከእናንተ ጋር «እናታችን» እላቸዋለሁ።

እናታችን በርና መስኮት ይሠሩ ከነበሩት አባታቸውና ልብስ ሰፊ ከነበሩት እናታቸው የዛሬ ሰባ ስምንት ዓመት ተወለዱ። ከአራት ወንዶች በኋላ የመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ ስለነበሩ፣ አባታቸው ወሬውን በሰሙ ቀን ከደስታ ብዛት የአንድ ደንበኛ መስኮት ገልብጠው ገጥመው እንደመጡና ደንበኛውም «እንኳን ደስ ያለዎት፣ መስኮቴን ግን ይመልሱልኝ» እንዳሏቸው በቤተሰቡ ውስጥ እስከ ዛሬ ይተረካል። በእናታቸው የስፌት መኪና ሥር እየዳሁ ያደጉት እናታችን ጨርቅን ከዓይን ይልቅ በጣት ማወቅን የተማሩት ገና ፊደል ሳይቆጥሩ ነው።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል በመልካም ውጤት ከተከታተሉ በኋላ፣ የአባታቸው ዓይን እየደከመ በመሄዱ ቤቱን ለመደገፍ ሥራ ለመግባት ተገደዱ። ትምህርት ግን ከልባቸው ስላልወጣ፣ ሁለተኛ ልጃቸውን ከወለዱ በኋላ ማታ ማታ እየተማሩ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሰዋል፤ በዕድሜ የሚያንሷቸው መምህር «እማማ» እያሉ ሲጠሯቸው እሳቸው ደግሞ ብድግ ብለው «አቤት መምህር» ይሉ ነበር ይባላል።

ሥራ የጀመሩት በከተማችን ትልቅ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሲሆን፣ ከተራ ሠራተኛነት ተነሥተው እስከ ክፍል ኃላፊነት በዚያው አገልግለው በጡረታ ተሰናብተዋል። አንሶላ ማጠፍ ምን ታሪክ አለው የሚል ሰው አይጠፋምና እስቲ ላስረዳ፤ ቀሪው ታሪክ ያለዚህ አይገባም።

አንሶላ ከትልቁ መተኮሻ ማሽን ትኩስ እንደሆነ ሲወጣ ሁለት ሰው ይቀበለዋል። ሁለቱም ሁለት ሁለት ጫፍ ይዘው ወደ ኋላ ይሄዱና ይጎትቱታል፤ ይህም ጉልበት ለማሳየት ሳይሆን ክሩ እንዲቃና ነው። ከዚያ በርዝመቱ ያጥፉትና ወደ መሐል እየተራመዱ ይገናኛሉ፤ ጣት ከጣት ይነካካል፤ አንዷ ጫፎቿን ለሌላዋ ታስረክብና ጎንበስ ብላ እጥፋቱን ታነሣለች፤ እንደገና ወደ ኋላ፣ እንደገና ፊት ለፊት። እንግዲህ አንድ አንሶላ ታጥፎ እስኪያልቅ ሁለት ሰዎች ደጋግመው ይራራቃሉ፣ ደጋግመውም ዓይን ለዓይን ይገጣጠማሉ ማለት ነው። የተኮራረፉ ሰዎች አብረው አንሶላ ማጠፍ አይሆንላቸውም፤ ወይ ጨርቁ ይወድቃል፣ ወይ ኩርፊያው።

ትዳርን በተመለከተ ያገናኛቸውም ይኸው አንሶላ ነው። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር የነበሩት አያታችን እግራቸው ተሰብሮ በተኙበት ወቅት አንሶላው አጭር ነው ብለው ነርሶቹን ሰላም ቢነሷቸው፣ አቤቱታው ማጠቢያ ክፍል ደረሰ። እናታችን ሜትር ይዘው መጡና አልጋውንም አንሶላውንም በሽተኛውንም ከለኩ በኋላ «አንሶላው ልክ ነው፤ እርስዎ ነዎት የረዘሙት» ብለው ሄዱ። አያታችን ከዚያ ቀን ጀምሮ ትራሱም አነሰ፣ ብርድ ልብሱም ጠበበ እያሉ ሌላ ሌላ አቤቱታ ማቅረብ ቀጠሉ፤ በዓመቱም ተጋቡ። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወልደው፣ አስተምረው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

የሁለቱ ጎጆ የተቀለሰው ሁላችንም «እቴቴ» ከምንላቸው ከአያታችን ታላቅ እህት ቤት ጋር ግድግዳ ተጋርቶ ነበር። እቴቴ ወንድማቸውን ከልጅነቱ ጀምሮ እንደ እናት ያሳደጉ፣ በትምህርት ቤት ተቆጣጣሪነት ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ ፊሽካቸውን ከአንገታቸው የማያወልቁ ሴት ናቸው። እነሆ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ዛሬም አላወለቁትም።

በቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች የጸሎት ኅብረት የነበረ ቢሆንም፣ ያን ጊዜ አፋቸው የተፈታ ሦስት አራት እኅቶች ረጅም ረጅም ጸሎት ሲያደርጉ የቀሩት ጫማቸውን እያዩ ቆመው የሚሄዱበት ነበር። እናታችንም በሰው ፊት ድምፅ አውጥቶ መጸለይ ሲመጣ ጫማቸውን ከሚያዩት ወገን ነበሩ። ሆኖም እነዚያ ዝም የሚሉት ሴቶች ምን ያህል እንደደከሙ ከፊታቸው ያነቡ ስለነበር፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የእንግዳ ማረፊያ ሁለት ሌሊት የሚያርፉበትና የሚጸልዩበት የጽሞና ጉዞ አሰቡ፤ አያታችንም ከመሥሪያ ቤታቸው አውቶቡስ ተከራይተው ራሳቸው ነድተው አድርሰዋቸው ወደ ልጆቹ ተመለሱ።

የመጀመሪያው ጉዞ በአንድ ነገር ተበላሸ። ለዕረፍት የሄዱት ሴቶች ልማድ አላስቀምጥ ብሏቸው፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ግቢውን ጠረጉ፣ መስኮቱን ወለወሉ፣ የማረፊያ ቤቱን ድስት ከነጥቀርሻው ፈግፍገው አስቀመጡ። ጠዋት የመጣችው ጽዳት ሠራተኛ ግቢውን ስታይ «እናንተ ሴቶች፣ ልትጸልዩ ነው የመጣችሁት ወይስ ከሥራ ልታስባርሩኝ?» ብላ ማልቀስ ጀመረች። የጠዋቱ ጸሎት ሲደርስ ደግሞ ግማሾቹ እንቅልፍ ጥሏቸዋል።

እናታችን በዚያው ጠዋት ሕግ አወጡ፦ በጽሞና ጊዜ መጥረጊያ የነካች አንድ መዝሙር ለብቻዋ ቆማ ትዘምራለች። የተፈቀደው ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ በመጨረሻው ቀን የተኙበትን አንሶላ ገፍፎ ሁለት ሁለት እየሆኑ ማጠፍ። በማጠፉም ጊዜ አንዷ ልቧ ላይ ያለውን ትናገራለች፤ ሌላዋም ጫፉን ስትቀበል በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ትጸልይላታለች። ለምን አንድ ብቻ ቢሏቸው «እግዚአብሔር ለመስማት አይቸኩልም፤ የሚቸኩለው የቆማችሁበት እግር ነው» አሉ። በጉባኤ ፊት አንድም ቀን ድምፃቸው ተሰምቶ የማያውቅ ሴቶች በዚያ ቀን ጸለዩ።

ነገር ግን ሲመለሱ ሌላ ነገር ጠበቃቸው። በሁለቱ ቀናት ውስጥ አያታችን ሾርባ ብለው ድስት አቃጥለው፣ ልጆቹንም የተለያየ ካልሲ አልብሰው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይዘዋቸው መጥተው ነበር። እቴቴ ይህን አይተው በምእመናን ስብሰባ ላይ ተነሡና «ቤቷን ጥላ ጸሎት የሄደች ሴት፣ ጸሎቷ የት እንደሚደርስ ትንገረን» አሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ተመካክረው የአዳር ጉዞውን ለጊዜው አገዱ። ይህ «ለጊዜው» የተባለው ነገር ለዓመታት ዘለቀ። እናታችን አልተከራከሩም፤ ሐሙስ ሐሙስ የቤተ ክርስቲያኑን መጋረጃና የጠረጴዛ ልብስ እያጠፉ ጸሎቱን ቀጠሉ። ከእቴቴ ጋር ግን «እንደምን አደሩ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ከመባባል በስተቀር አንዳቸው የሌላቸውን ደጃፍ መርገጥ ተዉ። እናታችን የሚያውቁትን ሴት ሁሉ ሲያስታርቁ ይህ ግን እንደ እሾህ ይወጋቸው እንደነበር ለልጆቻቸው ነግረዋል።

ከዚያ አዲስ መጋቢ መጡና ነገሩ እንደገና ተነሣ። ሽማግሌዎቹም አንድ ጉዞ ብቻ ለሙከራ ፈቀዱ፤ ቅድመ ሁኔታው እቴቴ አብረው ሄደው አይተው እንዲመጡና የሚሉት እንዲጸና ነበር። ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ «በቃ፣ ቀበሩን» አሉ።

እቴቴ በአውቶቡሱ የፊት ወንበር ተቀምጠው፣ በጸሎቱም ጊዜ ከኋላ እጃቸውን አጣጥፈው ሁለቱን ቀን አንድ ቃል ሳይናገሩ አሳለፉ። ቀትር ላይ ሴቶቹን ወንበር ላይ አፋቸውን ከፍተው ተኝተው ሲያዩ ፊሽካቸውን እስከ ከንፈራቸው አድርሰው መለሱት። በመጨረሻው ጠዋት አንሶላ ማጠፍ ሲደርስ ሁሉም ከእቴቴ ጋር ላለመመደብ ፈጠን ፈጠን እያለ ተጣመረ፤ ተርፈው የቀሩት እናታችንና እቴቴ ብቻ ሆኑ።

የእግዚአብሔር ሥራ የታየው እዚህ ላይ ነው። ማረፊያ ቤቱ በዚያ ዓመት አንሶላውን ሁሉ ለውጦ ላስቲክ ያለው ገዝቶ ነበር። ላስቲክ ያለው አንሶላ ማለት ጠርዙ ዙሪያውን ተሸብሽቦ ፍራሹን ጥርቅም አድርጎ እንዲይዝ የተሰፋ ነው፤ ፍራሽ ላይ እያለ ጨዋ ነው፣ ሲወልቅ ግን ጫፉ የቱ እንደሆነ አይታወቅም። የሆስፒታል አንሶላ ደግሞ ሁሉም ዝርግ ስለሆነ፣ እናታችን በሥራ ዘመናቸው እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም ነበር። ሲጎትቱት ይሰበሰባል፤ አንዱን ጥግ ሲይዙ ሌላው ያመልጣል። በመጨረሻ ከእጃቸው ተፈናጥሮ እቴቴን ከነመነጽራቸው ሸፈናቸው።

ከአንሶላው ውስጥ የእቴቴ ድምፅ «ይሄን ሁሉ ዘመን ደመወዝ የበላሽው በዚህ ነው?» አለ።

እናታችን አልጋው ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እቴቴም እዚያው ውስጥ ሆነው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ታየ፤ ሳቅ ነው ሲባል ልቅሶ ሆኖ ተገኘ። ቆይተውም «አንድ ግድግዳ ነው የለየን። የከተማውን ሴት ሁሉ ጠርተሽ ስትሄጂ፣ አንድ ቀን 'እቴቴ ይምጡ' ብለሽ ያንን ግድግዳ ብታንኳኪው ምን ነበረበት?» አሉ።

እናታችን ይህን በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን አላሰቡትም ነበር። የእቴቴ ቁጣ ስለ ሾርባና ስለ ካልሲ ይመስላቸው ነበር። በእጃቸው የቀረውን የአንሶላ ጥግ እንደያዙ፣ በሠሩት ሕግ መሠረት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጸለዩ፦ «ጌታ ሆይ፣ የሩቁን ሁሉ ጠርቼ የግድግዳዬን ጎረቤት የዘለልኩበትን ይቅር በለኝ።» እቴቴም «አሜን፤ አሁን ይሄን ነገር ከላዬ ላይ አንሺልኝ» አሉ።

እሑድ በሽማግሌዎቹ ፊት የቀረበው ሪፖርት ቃል በቃል ይህ ነበር፦ «ያየሁት ጥፋት አንድ ነው። አንሶላው ላስቲክ አለው። ይስተካከል።» እቴቴ ይህን ብለው ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ ነገሩ ስላልገባቸው እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ከሴቶቹ በኩል ግን ሳቁ ጣሪያ ነካ። ከዚያ ወዲህ ጉዞው አንድም ዓመት ተቋርጦ አያውቅም፤ የቀትሩን እንቅልፍ በፊሽካ የሚያስጀምሩትም ሌላ ማንም ሳይሆን እቴቴ ናቸው። ግድግዳውም እናታችን ሆስፒታል እስከገቡበት ቀን ድረስ ማለዳ ማለዳ ሲንኳኳ ኖሯል።

እናታችን ካለፈው ዓመት ጀምሮ ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲረዱ ቆይተው፣ በመጨረሻ የተኙት እዚያው ባገለገሉበት ሆስፒታል ነበር። አንሶላውን በጣታቸው ዳስሰው «ይሄን ያጠፈችው የኔ ተማሪ ናት» ማለታቸውን ነርሶቹ ነግረውናል። ክንዳቸው አልታዘዝ ባላቸው ቀናት እቴቴ አንዱን ጫፍ መዳፋቸው ውስጥ አድርገውላቸው ሦስቱን ራሳቸው እየዞሩ ያጥፉ ነበር። በአንደኛው ቀን እናታችን ልባቸው ላይ ያለውን ሲጠየቁ «የዘንድሮው ጉዞ በኔ ለቅሶ ምክንያት እንዳይቀር» አሉ። እቴቴም «እኔ እያለሁ ማን አባቱ ያስቀራል?» ብለው መለሱ፤ ይህም እንደ ጸሎት ተቆጠረላቸው። ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ኅብረቱ በሚሰበሰብበት ሰዓት፣ እናታችን በሰላም አረፉ።

ዛሬም ሾርባ የሚያቃጥሉትን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጃቸውን፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እቴቴንና በአንድ ዓረፍተ ነገር መጸለይ ያስተማሯቸውን እጅግ ብዙ እኅቶች ትተውልን ሄደዋል። ለደከሙት ዕረፍትን ሲፈልጉ ለኖሩት ለእናታችን፣ የዕረፍት ጌታ ሥራ በሌለበት፣ መጥረጊያም በማይገኝበት ቤቱ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።

አሁን አንድ ነገር ቀርቷል። አስከሬኑ ከመውረዱ በፊት ሣጥኑ ላይ ያለው ነጭ ጨርቅ ይነሣል፤ ዝርግ ነው፣ ላስቲክ የለውም፣ አይታችኋል። ሁለቱን ጫፍ እቴቴ ይይዛሉ። ሌሎቹን ሁለት ጫፎች የሚይዝ ሰው ቤተሰቡ ሆን ብሎ አልመደበም። ከእቴቴ ጋር የተቀያየመ ካለ፣ በፊሽካም ምክንያት ቢሆን፣ ወደ ፊት ይምጣ። የሌለ እንደሆነ ግን እናንተ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ የራሳችሁን አንሶላ ግፈፉና፣ ግድግዳውን አንኳኩና፣ የሌላውን ጫፍ የሚይዝላችሁን ሰው ጥሩ። አውቶቡሱም የፊታችን ዓርብ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ይነሣል፤ ያልተጠራች ሴት ካለች ይኸው አሁን በእናታችን ስም ጠርተናታል። ትምጣና ትሞክረው።