የኡምብሪያ ዘይት ለነጋ ጉልበት

ገበያነሽ፣ ነይ ግቢ። ጫማሽን አታውልቂ፣ ወለሉ ይበርዳል። ሀይዌይ ሰባ አምስት ተዘጋግቶ ነበር አይደል? እሑድ ከሰዓት ኬኔሶ መምጣት እኮ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። መኪናሽን የት ፓርክ አደረግሽ? ድራይቭዌዩ ላይ ቦታ አላገኘሽም መሰለኝ። ያቺ ነጯ የእንግዳ ናት፣ ብቻዋን የሁለት መኪና ቦታ ይዛለች። ምን ይደረጋል፣ ትልቅ ሰው ሰፋ ብሎ ነው የሚቆመው... ጎረቤት በር ላይ ብታቆሚም ማንም አይናገርሽም።

እዚሁ ኪችን ከኔ ጋ ሁኚ፣ ሰላጣውን አብረን እንጨርስ። ሳሎን ያሉት ፎቶ እያዩ ነው። የራኬብ እጮኛ አይፓዱን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶላቸው፣ እናቱ እያስረዱ ነው። ነጋም እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ አብሮ ያያል። ነጋን ካወቅሽው ጀምሮ ፎቶ ሲያይ አይተሽው ታውቂያለሽ? ዛሬ ግን ዓይኑን አልነቀለም። ድምፄን ከፍ ካደረግሁ ደግሞ ይቅር በይኝ፣ ይሄ ዲሽዋሸር ይጮሃል። የአሜሪካን ቤት ታውቂው የለ፣ ኪችንና ሳሎን መሀል ግድግዳ አይሠሩም፤ እዚህ ያወራሽው ሁሉ እዚያ ይሰማል። እኔ እንደሆነ የሚደበቅ ወሬ የለኝም።

ይቺን ጠርሙስ ቅመሻት እስቲ፣ በጣትሽ። የወይራ ዘይት ነው፣ ከኡምብሪያ የመጣ ስጦታ። ኡምብሪያ የት ነው እንዳትዪ፣ እኔ ጠይቄ ታዝኖልኛል። ጣሊያን አገር፣ መሀሉ ላይ ነው። ሮም የሚሄደው ተራው ቱሪስት ነው አሉ፤ የገባው ሰው ገጠር ነው የሚወርደው። እኛ ከገጠር ለመውጣት ስንት ዘመን ፈጀብን፣ ለካ ሥልጣኔው መጨረሻ ላይ ተመልሶ መግባት ኖሯል... ዘይቱ ለወጥ እንዳይሆን ተብዬአለሁ። ሽሮ ላይ ካፈሰስሽው ነውር ነው። በዳቦ ጫፍ ነካ አድርጎ፣ ዓይን ጨፈን አድርጎ ነው አሉ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ የነጋን ጉልበት አሸሁበት። ሙች ስልሽ፣ ኦፕራሲዮን ከሆነ ወዲህ እንደዚህ የተስማማው ነገር የለም። እሱ ኡምብሪያ መድረስ ባይችል፣ ኡምብሪያ ጉልበቱ ድረስ መጣችለት። ከዚህ በላይ ምን ስጦታ አለ?

ቲማቲሙን አንቺ ክተፊልኝ። ካነሳሁት አይቀር አንድ ነገር ላጫውትሽ። አንዲት ሴት አለች፣ አንቺ አታውቂያትም። ደንዉዲ ነው የምትኖረው... ምነው ወደ ሳሎን ዞርሽ? ደንዉዲ ስንትና ስንት ሰው ይኖራል። ቲማቲሙን እይ፣ ጣትሽን እንዳትቆርጪ።

ምን የመሰለች ሴት መሰለችሽ። ጨዋ፣ የተማረች፣ ለብሳ የሚያምርባት። ባለፈው ዓመት ኡምብሪያ አንድ ሳምንት ሄዳ መጣች። አንድ ሳምንት ብቻ። እኛ አትላንታ ይሄን ሁሉ ዘመን ተቀምጠን እንግሊዝኛችን አሁንም ይወላገዳል፤ እሷ በሳምንት ውስጥ በሁለት እጇ ማውራት ችላ መጣች። እንዲህ ያለ አእምሮ ለስንቱ ይሰጣል? ካፑቺኖ የጠዋት ነው አሉ፤ ከምሳ በኋላ የሚጠጣ ሰው ካየች እስከ ማታ ይከፋታል። የልደት ቤት ጠርተዋት ፓስታው በበርበሬ ተሠርቶ ቢቀርብላት፣ ሹካዋን አስቀምጣ ሳህኑን ገፋ አደረገችው አሉ። ማዘኗ ነው። እኛ እኮ ፓስታውንም ፉርኖውንም ከልጅነታችን እናውቀዋለን ብለን ስንኩራራ ኖረናል። የሚያርመን ሰው አጥተን ነው እንጂ።

ስትተርከው ግን አፍ ታስከፍታለች፣ ይሄን አልነፍጋትም። ጠዋት ስትነሺ ጉሙ ሸለቆውን ሞልቶት፣ የኮረብታዎቹ ራስ ብቻ ብቅ ብሎ ይታያል። በየኮረብታው አናት ላይ በድንጋይ የተሠራች መንደር ትቀመጣለች። ከመንደሯ ሥር ወይራ፣ ከወይራው ሥር ወይን፣ ከዚያ ዓይንሽ እስከቻለ ድረስ የሱፍ አበባ። በምሳ ሰዓት ሱቁ ተዘግቶ አገሩ ሁሉ ይተኛል። አንድ ገበሬ ውሻውን አስከትሎ ጫካ ይገባና ከመሬት ውስጥ ጥቁር እንጉዳይ አውጥቶ ይመጣል፤ እሱን ምግብ ላይ ፈቅፈቅ ሲያደርጉልሽ ስምሽን ትረሺያለሽ አለች። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ስሰማ ልቤ ሄዷል። ስሙን የረሳ ሰውም አይቻለሁ፤ የጎረቤቱን ስም፣ የወዳጁን ስም...

እና ይቺ ሴት ልጇን ልትድር ነው። ወንድ ልጅ፣ አንድ ለናቱ፣ ደግሞ እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ። ሠርጉ ኡምብሪያ ይሁን አለች። ለራሷ አይደለም፣ ለልጆቹ ብላ ነው። ልጆቹማ አልጠየቁም ነበር፤ ጥሩ እናት ግን ልጅ እስኪጠይቅ ትጠብቃለች እንዴ? የገበሬ ቤት ቡክ አድርጋለች። ገበሬ ስልሽ መዋኛ ያለው ገበሬ ነው። የጥሪ ካርዱን ቋንቋ እንኳ ራሷ መርጣ፣ ከልጅቷ ቤተሰብ የቀረው መምጣት ብቻ ነው። ተጠሪው ጥቂት ነው፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ወይራ ዛፍ ሥር የሚበቃው። ኢንቲሜት ይሉታል። እዚህ አዳራሽ ቢሆንማ ያ ሁሉ ሐበሻ ይግተለተል ነበር። ልጅቷ ስትወለድ ገንፎ ይዞ የመጣው፣ አባቷ ሲታመም ሆስፒታል ወንበር ላይ ያደረው፣ ሥራ ያለማመዳቸው፣ መኪና ያዋሳቸው... እሱ ሁሉ ኡምብሪያ ሄዶ ምን ይሠራል? ፎቶውን ከማበላሸት በቀር። አንቺስ ብትሆኚ፣ ራኬብን ከሆስፒታል ስናመጣት መጀመሪያ ገላዋን ያጠብሻት አንቺ ነሽ፤ ካርዱ ደርሶሻል? እሱን ተዪው፣ ስለ ራኬብ አይደለም የማወራሽ። ስለ ደንዉዲዋ ሴት ነው።

ትንሽ ሎሚ ጨምቂበት። የሙሽራዋ አባት፣ እንዳጋጣሚ፣ ጉልበቱን ኦፕራሲዮን የሆነ ሰው ነው። እንደ ነጋ። አጋጣሚ ነው አልኩሽ። እሱም ሚድታውን፣ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው ሲሠራ የኖረው። ባለመኪናው በር ላይ ቁልፉን ወርወር አድርጎለት ይገባል፣ እሱ መኪናውን ላይ ወስዶ ያቆማል፣ በደረጃ እየሮጠ ይወርዳል፣ ደግሞ ሌላ። ሊፍቱን መጠበቅ አይቻልም፣ ሰው ይቆጣል። ልጅቷ ኮሌጅ የጨረሰችው በዚያ ጉልበት ነው። ሲያልቅ ሐኪሙ አውጥቶ ብረት ተካለት። ይሄን ሴትየዋ ከየት ትወቀው? ጨዋ ሰው የሰው ጉልበት የት እንደሄደ አይጠይቅም። ልጅቷን ለመጠየቅ ሽማግሌ ይዘው የመጡ ጊዜም ደህና ነበር፤ ተቀምጦ ነው የተቀበላቸው፣ ተቀምጦ ነው ልጄን ሰጥቻለሁ ያለው። ለመስጠት መቆም አያስፈልግም ነበር።

የዚያ አገር ውበቱ ደግሞ መንደሩ ውስጥ መኪና አለመግባቱ ነው። ከታች ፓርክ ታደርጊና ወደ ላይ በድንጋይ ደረጃ ነው። ደረጃው የጥንት ነው፣ ነገሥታት የወጡበት። የእጅ መደገፊያ የለውም፣ ቢደረግለት ቅርሱ ይበላሻል። አየሩ ንጹሕ ስለሆነ አይደክምሽም አለች። የልጅቷ እናት አንድ ቀን አፏን ሞልታ፣ አባቷስ እንዴት ይወጣል ብላ ጠየቀቻት። ሴትየዋ ትንሽ እንኳ አልተቆጣችም፣ ይሄን አደንቅላታለሁ። ክንዷን ይዛ፣ ፈገግ ብላ፣ አስቤበታለሁ፣ በፌስታይም ያያል አለቻት። ሶፋው ላይ ተንጋሎ፣ ምንም ሳይደክመው። እንዲያውም ከሁሉ የተሻለ ቦታ የሱ ነው፣ ካሜራው ወደ ልጅቷ ስለሚዞር። አሳቢ ሰው ማለት እንዲህ ነው። እኛ ሰው ሠርግ ላይ ካልተገኘ ቀረ እንል ነበር፤ ለካ ስክሪን ላይ ካለ አልቀረም።

ጉልበት መሳሙስ? እናትየዋ ይሄንንም ጠየቀች፣ መጠየቅ ስለምታበዛ። ልጅ ስትዳር ያባቷን ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ ነው የምትወጣው፤ በስልክ እንዴት ይሆናል አለቻት። ሴትየዋ ለሱም መልስ ነበራት። የገበሬው ቤት ጌታ አሉ፣ ሲኞር የሚሏቸው፤ ፀጉራቸው እንደ ጥጥ፣ ወይራቸውን ራሳቸው የሚለቅሙ፣ በዕድሜያቸው ያን ደረጃ እየሮጡ የሚወጡ። እሳቸው ወንበር ላይ ይቀመጡና ልጅቷ የሳቸውን ትስማለች። ለፎቶው። ሲኞር ደስ ነው የሚላቸው አለች፣ ባህል ይወዳሉ። አየሽ ብልሃቷን? እኔ ይሄን ዕድሜ ሁሉ ጉልበት የሚሳመው የማን እንደሆነ ታይቶ ነው ስል ኖሬ... ለካ የሚሠራ ጉልበት መሆኑ ነው የሚያስፈልገው።

ኧረ አላለቀስኩም። ሽንኩርቱ ነው።

አባትየው ምን አለ በዪኝ።  ልጄን ደስ ካላት ደስ ይለኛል አለ። ልጅቷ ስትጠይቀው፣ አባዬ ትሄዳለህ አይደል ስትለው፣ እንዴታ፣ ጉልበቴን የሚያሠራኝ ቴራፒስት በበጋ ትሮጣለህ ብሎኛል አላት። ቴራፒስቱ እንደዚያ አላለም። ሚስቱ አብራው ነበረች፣ ደረጃ አይሞከርም ነው ያለው። ባለፈው ሰሞን ጠዋት፣ ሚስቱ ልብስ ልታጥብ ቤዝመንት ስትወርድ፣ ደረጃው መሀል ተቀምጦ አገኘችው። ላቡ ሸሚዙን አርሶታል፣ በሁለት እጁ ጉልበቱን ይዟል። ምን ትሠራለህ እዚህ ብትለው፣ መጥረጊያ ልወስድ ነው አላት። መጥረጊያው ያለው እላይ ነው፣ ጋራዥ ውስጥ። በማግሥቱም ድምፁን ሰማችው፣ ይወጣል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይወርዳል። የኡምብሪያን ደረጃ እየተለማመደ ነው ገበያነሽ። ኮረብታው ላይ ወጥቶ፣ ሲኞር የሚቀመጡበት ወንበር ላይ እሱ ሊቀመጥ። እኔ አለቀስኩ... ሚስቱ፣ ሚስቱ አለቀሰች ማለቴ ነው። ልጅቷ አታውቅም። እንዳትነግሪያት ብሎ አስምሎኛል። ስለዚህ ለሷ አልነገርኳትም፣ ላንቺ ነው የምነግርሽ።

ዲሽዋሸሩ አበቃ እንዴ? ዝም አለ። ከመቼ ጀምሮ ነው ዝም ያለው... ቴሌቪዥኑንስ ማን አጠፋው? እንዴት ያለ ፎቶ ላይ ደርሰው ነበር፣ የሱፍ አበባው ላይ። ራኬብ፣ ምነው የኔ ልጅ ተነሳሽ? አባትሽ ጋ መሄድሽ ነው? ሂጂ፣ ሂጂ። ትራሱን አታንሺበት ብቻ፣ እግሩ ከፍ ይበል። ከታች ምንጣፉ ላይ ልትቀመጪ ነው? ተቀመጪ።

ገበያነሽ፣ አትዙሪ፣ ዝም ብለሽ ሰላጣውን አማስይ። ልጁም ተነሳ። እሱም ሄዶ አጠገቧ ቁጭ አለ። እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው አላልኩሽም? አሁን የሰማሽው አዳራሽ የሚል ቃል ነው ወይስ ጆሮዬ ነው? አዳራሽ ነው ያለው። ክላርክስተን ያለውን፣ ደረጃ የሌለውን። አምላኬ... ጨው አነሰው መሰለኝ ሰላጣው፣ እስቲ ቅመሺ።

ኧረ እርስዎ፣ ምነው ተነሡ? ውሃ ነው? እኔ አመጣልዎ ነበር እኮ፣ በእንግድነትዎ። ይቅርታ፣ ወሬ ይዞን የጀመሩልንን ጨዋታ አቋረጥንብዎ። ከገበያነሽ ጋር ስለ አንዲት ሴት እያነሣን ነበር፣ እርስዎ የሚያውቋት አይመስለኝም። ስሟንም አልጠራሁ፣ መልካም ሴት ስለሆነች ሐሜት እንዳይሆንብን። እንዲያውም ልንመርቃት ነው። እርስዎም ከደረሱ አይቀር ብርጭቆውን ያስቀምጡና እጅዎን ዘርጉ፣ ምርቃት በሦስት ሰው ያምራል።

እግዚአብሔር ያቺን ሴት ዕድሜ ከጤና ይስጥልን። ጉልበቷን እንደ ዛሬው ያጽናላት፣ ደረጃ አያስፈራት። ያንን የምትወደውን አገር ደግሞ ደጋግሞ ያሳያት፣ ወይራው ሥር ቤት ሠርታ፣ ጉሙን እያየች ትረፍበት። ልጇ የልብ ልጅ ነው፣ እሷ ያስተማረችውን ሁሉ አይርሳባት። የልጅ ልጆቿ የሚዳሩበት ቀን ሲደርስ ጥሎ አይጥላት፣ ከሁሉ የተሻለውን ቦታ ይስጧት፤ ሶፋዋ ላይ ተንጋላ፣ ምንም ሳይደክማት፣ ኔትወርኩ ሳይቆራረጥባት፣ የሚስሙትን ጉልበት ሁሉ በትልቅ ስክሪን ጥርት አድርጎ ያሳያት።

አሜን ይበሉ እንጂ እመቤቴ።