ሞቆ የጠበቀው ሞተር

ከፍኖተ ሰላም ወደ ባሕር ዳር በሚሄድ ሚኒባስ ጋቢና ውስጥ፣ የሞተሩ ክዳን ላይ ተቀምጫለሁ። ቡሬን እንዳለፍን ሹፌሩ ካሴቱን ሲያጠፋው ከኋላዬ የተቀመጡት ሰዎች ወሬ ጎልቶ ተሰማኝ። አንደኛው ከሽንዲ የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ሌላዋ ሐይቁ ዳር ያደገች ሴት።

“ጥማድ በሬዬን ሸጬ ያገለገለች የሞተር ጀልባ ልገዛ ነው። የገዳም ተሳላሚ አመላልሳለሁ።”

“ውሃ ላይ አይተዋታል?”

“የለም፣ ድንጋይ ላይ ቆማ ነው። ቀለሟ ግን ያበራል!”

“ሙሽራ ሊመርጡ ነው እንዴ የሄዱት? ሆዷን አንኳኩተው አላዩም? ስንት የበሰበሰ እንጨት በቀለም ሲሸፈን አይቻለሁ!”

“ሞተሯ ደህና ነው። ገና እጄን ሳሳርፍበት ሞቅ ብሎ ጠበቀኝ። ነፍስ አለው ብዬ ደስ አለኝ።”

“ወይ ጉድ! አያ፣ ጥጃ መሰለዎት? እርስዎ ሳይደርሱ ሻጮቹ ሲታገሉ ቆይተው አስነስተውት ነዋ! ሞተር የሚፈተነው ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው።”

ሴትዮዋ ግን አልለቀቀቻቸውም።

“በሬዎችዎን የገዛው ሰውስ ምን አይቶ ገዛ?”

“ሲያርሱ ሳላይ አልወስድም ብሎ፣ ማሳዬ ላይ ግማሽ ቀን አሳረሰኝ።”

“ታዲያ ጀልባዋን እንዲያይ እሱን ቢልኩት አይሻልም ነበር?”

“እንግዲያ ዛሬ አልሄድላቸውም። ነገ በማለዳ ሳልነግራቸው ሄጄ፣ እንደቀዘቀዘ ይነሳ እንደሆን አያለሁ። እምቢ ካለ ሌላ ጥማድ ገዝቼ ወደ ማሳዬ ነው።”

እኔም ከሥሬ የሚግለውን የሚኒባሱን ሞተር ክዳን ቀስ ብዬ በመዳፌ ዳበስኩት።