ለዲሳቢሊቲው ሐኪም «ደህና ነኝ» ያልኩ ዕለት

ጭንቀት ከሥራ ካስወጣኝ በኋላ እዚህ አሜሪካ በሕመም መሥራት ለማይችል ሰው መንግሥት ለሚከፍለው የዲሳቢሊቲ ድጎማ አመለከትኩና፣ እውነት መሥራት አለመቻሌን የሚያጣራ ሐኪም ዘንድ አሌክሳንድሪያ ቀጠሩኝ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ነድታ የወሰደችኝ የወንድሜ ሚስት ሰናይት ናት፤ እኔ መንገዱ ላይ ያለውን የወንዝ ድልድይ ከፍርሃት ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያለፍኩት። ሐኪሙ ፊት እጄ ሲንቀጠቀጥ እንዳይታይብኝ ተቀመጥኩበት። አስተርጓሚዋ በስልክ ናት። «እንዴት ነሽ?» አለኝ። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ጻፈ። «እንቅልፍስ?» «ተመስገን ነው።» ጻፈ። «ከቤት ትወጫለሽ?» «ኧረ እወጣለሁ!» ይኼንንም ጻፈ። ምን ላድርግ፣ ለማላውቀው ሰው ችግሬን መዘርዘር ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት፤ ሰውየው ደግሞ ከረባት አስሯል።

አብራኝ የገባችው ሰናይት አላስቻላትም። «አንቺ ሴትዮ፣ ሰላምታ መሰለሽ እንዴ? ሰውየው የሚጠይቅሽ በሽታሽን ነው!» ብላ ጮኸችብኝ። አስተርጓሚዋ የሰማችውን ሁሉ መተርጎም ግዴታዋ ነውና ይኼንንም አንድ ሳታስቀር ተረጎመችለት። ሐኪሙ መጻፉን ተወና «እሺ፣ በሽታሽን ንገሪኝ» አለኝ። ያኔ እጄን ከሥሬ አወጣሁት። መሮጥ ቢመጣ ብዬ ጫማዬን ሳላወልቅ ወንበር ላይ እንደማድር፣ በር ሲንኳኳ መታጠቢያ ቤት ገብቼ እንደምደበቅ፣ ሁሉንም እያለቀስኩ ነገርኩት። ቅድም የጻፈውን አጠፋና እንደ አዲስ ጀመረ።

ከሁለት ወር በኋላ ውሳኔው በፖስታ መጣ፤ ተፈቅዶልኛል። ይኼንንም የማውቀው ሰናይት ስላነበበችልኝ ነው። እኔ ከፍርሃቴ የተነሳ ፖስታ መክፈት አልችልም።