ጭልፊት የወሰዳት ጫጩት

ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ አንዲት ዶሮ ለርቢ ሰጥተውን ነበር፤ ጫጩቶቿ ሲያድጉ እኩል ልንካፈል። ጠባቂያቸው የስድስት ዓመቷ ልጄ ነበረች። አንድ ቀን በሩን ሳትዘጋ ቀርታ ጫጩቶቹ ወጡ፤ አንዷን ጭልፊት ወሰዳት። ዶሮዋን መልሰው እንዳይወስዱብን ሰግቼ፣ «የበሩን ነገር ተይው፤ ጭልፊት ወሰዳት ብቻ በያቸው» አልኳት። እሷ ግን ቤታቸው ስንደርስ ፊታቸው ቆማ፣ «ጭልፊት ወሰዳት፤ በሩን ያልዘጋሁት ግን እኔ ነኝ» አለች። እትዬ ዘሀራም፣ «በይ የቀሩትንም አንቺው ጠብቂልኝ» አሏት።

ስንመለስ፣ «እማዬ፣ የበሩን ነገር ለምን ተይው አልሽኝ?» አለችኝ። «ፈርቼ ነው ልጄ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አጥፍቻለሁ» አልኳት። እጄን ያዘችና፣ «እንግዲያው ለእሳቸውም ንገሪያቸዋ!» ብላ ወደ ኋላ ጎተተችኝ።