የመስቀል በሬዬን ፍለጋ

ዓመቱን ሙሉ ለመስቀል በሬ ያጠራቀምኩትን ብር ሆሳዕና ከተማ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ በገዛ እጄ ለኮምፒውተር አበላሁት። አንድ የኢንተርኔት ድርጅት ውስጥ ከሥሬ ሁለት ሰው ካስገባሁ ዶላር ይዘንብልኛል ተብዬ ነበር። አልዘነበም፤ ድረ ገጹም ጠፋ። እኔም እንደ አገሬ ወግ ሽማግሌ ያዝኩ። በሽማግሌ የማይፈታ ነገር የለም አይደል? ኢንተርኔት ይህን ወግ አልሰማም እንጂ!

የሰፈራችንን ሽማግሌ ጋሽ ላምቤቦን ይዤ ያስገባኝ መምህር ቤት ሄድን። ጋሽ ላምቤቦ በር ላይ ቆመው "ብሩን እመልሳለሁ ካላልክ አንቀመጥም!" አሉ። መምህሩ "ኧረ እኔም ተበልቻለሁ" ብሎ ጫማውን አጠለቀና ተከተለን። እሱን ያስገባችው ሞርሲቶ ከተማ የምትሠራ ነርስ ነበረች። እዚያም "አንቀመጥም!" አልን፤ እሷም "እኔስ መቼ ተረፍኩ?" ብላ ነጠላዋን አንስታ ተከተለችን። ድርጅቱ ራሱ እንዲህ በፍጥነት አላደገም!

ነርሷ "እኔን ያስገባኝ ቦኖሻ ከተማ የሚኖር በርበሬ ነጋዴ ነው" ስትል የጋሽ ላምቤቦ ጉልበት ድንገት ታመመ። "ትንሽ ነው የቀረን አባባ" ብለን ደግፈን መኪና ላይ አሳፈርናቸው። ቦኖሻ ደርሰን ነጋዴው ብቅ ሲል በአንድ አፍ "አንተንስ ማን አስገባህ?" ብለን ጮህንበት። ሰውዬው እኛን ትቶ ሽማግሌያችንን ትክ ብሎ አየና "እሳቸው ናቸዋ!" አለ።

ቀኑን ሙሉ አንቀመጥም ሲሉ የዋሉት ሰው ድንጋይ ፈልገው ቁጭ አሉ። ላባቸውን ጠረጉና፣

"በሉ እንግዲህ" አሉ፣ "ለእኔም ሽማግሌ ፈልጉልኝ።"